የቆሰለ ወፍ ከጣና ዳር ስናነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ የሐይቁን ዳር ይዞ በጠዋት የሚሄድ ሰው፣ አንድ ቀን መረብ የያዘው ወይም ክንፉ የተሰበረ ወፍ ሳይገጥመው አይቀርም። አንጀታችን አይችልምና እናነሳዋለን። ብዙውን ጊዜ የምንጎዳው ካነሳነው በኋላ ነው።

አፉ ውስጥ ውኃ ማፍሰስ። መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ "ጠምቶት ይሆናል" ነው። የወፍ መተንፈሻ ቀዳዳ ግን ምላሱ ሥር ነው፤ የምናፈስለት ውኃ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አንዲት ዋኖስ ምንቃሯን ከፍቼ በጠርሙስ ክዳን አጠጣኋት። ትን አላት። ክንፏን አንዴ ዘረጋችና እጄ ላይ ቀረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ውኃውን በዝርግ ሳህን አጠገቡ አስቀምጡለት፤ አቅም ሲያገኝ ራሱ ይጠጣል። ወተትማ ጭራሽ አትስጡ፤ ሆዱ አይፈጨውም።

መረቡን ቆርጦ ወዲያው መልቀቅ። ይሄኛው ብዙ ወፍ ይገድላል። ቀጭኑ የፕላስቲክ ክር ሥጋ ውስጥ ሲገባ ደም እንዳይዘዋወር ያግዳል። ወፉ ሲፈታ ደህና ይመስላል፤ ክንፉን ያራግባል፤ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። እብጠቱና የቆዳው መጥቆር የሚታየው ግን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወፉ ደንገሉ ውስጥ ብቻውን ነው። ስለዚህ ጥቂት ቀን ይቆይ፣ የእንስሳት ሐኪምም ይየው። መንጠቆ የዋጠ ከሆነ ክሩን አትጎትቱ። ጫፉ ወደ ኋላ የሚይዝ እሾህ ስላለው ይቀደዋል።

የፔሊካንን (ረጅም ምንቃር ያለውን፣ ከምንቃሩ ሥር ከረጢት የተንጠለጠለበትን ትልቅ የውኃ ወፍ) ምንቃር ጥርቅም አድርጎ ማሰር። እንዳይነክስ ብለን ነው። ነገር ግን የፔሊካን አፍንጫ ዝግ ነው፤ የሚተነፍሰው በአፉ ነው። ምንቃሩን በእጅ ስትይዙት እንኳ ጣታችሁን መሃል አስገብታችሁ ክፍተት ተዉለት። ደረቱንም አትጭመቁ። ወፍ አየር የሚያስገባው ደረቱን በማንቀሳቀስ ስለሆነ፣ አጥብቃችሁ ካቀፋችሁት ይታፈናል። አሮጌ ነጠላ ጣል አድርጉበት፤ ሲጨልምበት ይረጋጋል።

ሰው መሰብሰብ። ስልክ ደግኖ መክበብ፣ መደባበስ፣ ልጆችን "ኑ እዩ" ማለት። ለወፉ እኛ ሊበላው የመጣ አውሬ ነን፤ በድንጋጤ ብቻ ሊሞት ይችላል። የተበሳ ካርቶን፣ ሞቅ ያለና ጸጥ ያለ ቦታ ይበቃዋል።

ጤነኛ ጫጩት ማንሳት። ላባ አውጥቶ መሬት ላይ የሚንፏቀቅ ጫጩት መብረር እየተማረ ነው፤ እናቱም ቅርብ ናት። ድመት ካለ ቅርንጫፍ ላይ አውጡትና ሂዱ። የድመት ጥርስ ከነካው ግን ቁስሉ ባይታይም በዕለቱ ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ድመት አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ወፍን ቶሎ ይገድላል።

ሳይደርስ መልቀቅ። የውኃ ወፍ ከሆነ ገንዳ ላይ ሞክሩት። ውኃው ላባው ላይ ተንከባሎ መውረድ አለበት። ላባው ከራሰ ጣና ላይ ብርድ ይመታዋል፤ ገና ጊዜ ይፈልጋል።