ቤት ወይስ ጂም? ቦታ ከመቀየራችሁ በፊት ችግሩን ለዩት

ስፖርት ሲቋረጥ ወይም ለውጥ ሲጠፋ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቦታ መቀየር ነው። ቤት የሚሰራው "ጂም ብገባ ይሻለኛል" ይላል። ጂም የሚሄደው ደግሞ "ገንዘቤን ከምጨርስ ቤቴ እሰራለሁ" ይላል። እኔም በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጂም ተመዝግቤ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ቤት ምንጣፌ ተመልሻለሁ። በዚህ መመላለስ የገባኝ ነገር አለ። ቦታ መቀየር የሚፈታቸው ችግሮች ጥቂት ናቸው። ሌሎቹ የትም ብንሄድ ተከትለውን ይመጣሉ።

ከታች ያለውን ሁሉ በቅደም ተከተል ማንበብ የለባችሁም። የእናንተን ምልክት ፈልጉና ከእሱ ጀምሩ።

"ለጂም ከፍያለሁ፣ ግን አልሄድም"

ይህን ስንፍና ነው ብሎ ራሱን የሚወቅስ ብዙ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሂሳቡን አይቼ ነው የምፈርደው። ወረቀት አውጡና ጻፉት። ከሥራ ከምትወጡባት ደቂቃ ጀምሮ ሰርታችሁ፣ ታጥባችሁ ቤት እስክትገቡ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የታክሲ ሰልፉን፣ የመንገዱን መዘጋጋት፣ ልብስ መቀየሩን፣ ማሽን መጠበቁን ሁሉ ደምሩበት። የእኔ ሲደመር 2 ሰዓት ከ40 ሆነ። ከዚያ ውስጥ ስፖርት የሰራሁት 50 ደቂቃ ብቻ ነበር። እንዲህ ሆኖ በሳምንት አራት ቀን መሄድ ለማንም ይከብዳል።

ስለዚህ ጂም ስትመርጡ ለቤት ቅርብ የሆነውን ብቻ አትፈልጉ። በመንገዳችሁ ላይ ያለው ይበልጣል። ከሥራ ወጥታችሁ ታክሲ ወይም ባቡር የምትይዙበት አካባቢ ቢሆን በጣም ጥሩ ነው። እናንተ ስትሰሩ የመውጫ ሰዓቱ ግፊያ ያልፋል። አንዴ ቤት ገብቶ ጫማ ካወለቁ በኋላ ተመልሶ መውጣት ግን በጣም ከባድ ነው።

ክፍያውንም በጥንቃቄ ያዙት። የስድስት ወር ቅናሽ ያጓጓል፣ ግን መጀመሪያ የአንድ ወር ብቻ ክፈሉ። በዚያ ወር 12 ቀን ከሄዳችሁ ረጅሙን ውሰዱ። ስምንት ቀን ካልሞላ ቦታው ለእናንተ አልሆነም ማለት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ልትሰሩበት ባሰባችሁት ሰዓት ሄዳችሁ እዩት። ጠዋት ባዶ የነበረው አዳራሽ ማታ 12 ሰዓት ላይ መቆሚያ ሊያጣ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዳለም ጠይቁ። በትሬድሚል ለመሮጥ ብቻ የምትገቡ ከሆነ ይህ ጥያቄ ግድ ነው።

"ቤት እጀምራለሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ አቆማለሁ"

ጂም ስትሄዱ ቤተሰብ "ወጥቷል" ይላል። ቤት ስትሰሩ ግን አላችሁ። "እስቲ አንዴ ሱቅ ውረድ" ትባላላችሁ። ልጅ ጀርባችሁ ላይ ይወጣል። እንግዳ ይመጣል፣ ስልክ ይጠራል። ችግሩ የፍላጎት ማነስ ሳይሆን፣ ቤቱ ውስጥ ለስፖርት የተከለለ ጊዜ አለመኖሩ ነው።

እኔን የረዳኝ ስፖርቱን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከማይቀር ነገር ጋር ማሰሬ ነው። "ጠዋት 12 ሰዓት" ስል አንድ ቀን እንቅልፍ ከጣለኝ ሳምንቱ በሙሉ ይበላሽ ነበር። "ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርስ ሳልበላ" ስል ግን ሰዓቱ ቢገፋም ስፖርቱ አይቀርም። ምንጣፉን ማታ ዘርግቼ እተኛለሁ። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ ይበቃል፤ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥም ይገኛል።

ለቤተሰብ ደግሞ በግልጽ ንገሩ። "ለ25 ደቂቃ የለሁም በሉ" ማለት ነው። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን "ይሄ ልጅ ምን ነካው?" ትል ነበር። ከነገርኳት በኋላ ግን በሩን ራሷ ገርበብ አድርጋልኝ ትወጣለች።

25 ደቂቃ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራም ቢያንስ ሁለት ቀን ይጨመርበት ይላል። በቀን 25 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሲባዛ 150 ይሞላል። ከስድስቱ ሁለቱን ቀን ለጡንቻ ሥራ ብትሰጡ እንኳ የቀረውን በእግር ጉዞ መሙላት ቀላል ነው።

"ፑሽ አፕ 30 ደርሻለሁ፣ ሰውነቴ ግን ባለበት ቆሟል"

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ቤት የሚሰሩ ሰዎች ተስፋ የሚቆርጡት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ጡንቻ የሚያድገው ከለመደው በላይ ሲጠየቅ ነው። መጀመሪያ ስምንት ፑሽ አፕ ሲያንቀጠቅጣችሁ ሰውነታችሁ እየተለወጠ ነበር። አሁን 30 ስትሰሩ ትንፋሽ ይቆርጣችኋል እንጂ ክብደቱ ያው ነው። በተለመደው ፑሽ አፕ እጃችሁ የሚሸከመው የሰውነታችሁን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 45 ኪሎ ገደማ ይገፋል ማለት ነው። በጉልበት ተንበርክኮ ሲሰራ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እግር ወንበር ላይ ሲሰቀል ደግሞ ወደ 70 በመቶ ከፍ ይላል። ጂም ውስጥ ብረት ትጨምራላችሁ፤ ቤት ውስጥ የሰውነታችሁን አቀማመጥ ትቀይራላችሁ።

ስለዚህ ቁጥር መጨመሩን ተዉትና አክብዱት። ስትወርዱ ሦስት ሰከንድ ቁጠሩ፣ ታች ላይ አንድ ሰከንድ ቁሙ። እግራችሁን ወንበር ላይ ስቀሉ። የጀርባ ቦርሳ ውስጥ መጽሐፍ ጨምራችሁ ልበሱ። ስኳት (ቁጭ ብድግ) ከቀለላችሁ አንዱን እግር ኋላ ሶፋው ላይ አድርጋችሁ በአንድ እግር ውረዱ። በዙር ከ8 እስከ 15 ስትደርሱ የምትደክሙበትን አይነት ምረጡ። ከ20 በላይ ካለፈ እንደገና አክብዱት። የሰራችሁትንም ደብተር ላይ ጻፉ፤ ያለ ደብተር መጨመራችሁንና አለመጨመራችሁን አታውቁትም።

ብዙ ጊዜ የማይታይ ሌላ ምክንያትም አለ። ቤት የሚሰራ ሰው ይገፋል እንጂ አይስብም። ፑሽ አፕ፣ ሲት አፕ፣ ስኳት፣ በቃ። ጀርባ የሚሰራበት ነገር የለም። ከወራት በኋላ ደረት ይጠነክራል፣ ጀርባ ግን ባለበት ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ ቤታችሁ አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን የሌለው ቤት የለም። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ግማሹን ብትሞሉት 10 ኪሎ ይሆናል። እንደ አቅማችሁ የምትጨምሩትና የምትቀንሱት ዳምቤል ማለት ነው። አንድ እጃችሁን ወንበር ላይ ደግፉ። ጀርባችሁን ቀጥ አድርጉና ጀሪካኑን ወደ ጎናችሁ ሳቡት። ክዳኑን አጥብቁት።

በር ላይ የሚወጠረውን፣ ተንጠልጥለው ራስን ወደ ላይ የሚስቡበትን የፑል አፕ ብረት ግን በጥንቃቄ ያዙት። የብዙ ኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው፤ ሊንሸራተት ወይም ልስኑን ይዞት ሊወርድ ይችላል። ሰፈራችሁ ሜዳ ላይ የተተከለ ብረት ካለ እሱን እመርጣለሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ እግርና ጀርባችሁ አሁንም ከቀለለው፣ ያኔ ጂም ያስፈልጋችኋል። እውነቱን ለመናገር፣ ለእግር ከባድ ክብደት ቤት ውስጥ መፍጠር አይቻልም ማለት ይቻላል። እዚያ የምትደርሱት ግን ምናልባት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለመሣሪያ ብቻ ብላችሁ ከከፈላችሁ ቸኩላችኋል።

"ያመኛል"

ሁለት አይነት ሕመም አለ፣ መለየት አለባችሁ። ከሰራችሁ ማግስት የሚጀምር፣ ሁለቱንም ጎን እኩል የሚይዝ፣ ጡንቻው ሲነካ የሚያም ከሆነ የተለመደ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ቀላል እርምጃ ያፍታታዋል እንጂ ፈጽሞ መተኛት አይጠቅመውም። እየሰራችሁ ሳላችሁ ድንገት የሚወጋ፣ መገጣጠሚያ ላይ ያለ ወይም በአንድ ጎን ብቻ የሆነ ሕመም ግን ሌላ ነው። አቁሙ። ደረት የሚያጨንቅ፣ ወደ እጅ የሚሄድ ሕመም ወይም ራስ መሳት ካለ ወዲያው ሐኪም ጋ ሂዱ።

ጉልበት ስኳት ላይ ካመመ አብዛኛውን ጊዜ ተረከዝ እየተነሳ ወይም ጉልበት ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ዱካ ላይ ቁጭ ብድግ በማለት ጀምሩ። ወገብ ሲት አፕ ላይ ካመመ፣ በተለይ ባዶ ሴራሚክ ላይ የምትሰሩ ከሆነ፣ ሲት አፑን ትታችሁ በፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ በመቆየት) ቀይሩት። ጂም ውስጥ ወገብ የሚጎዳው ደግሞ በአብዛኛው ጎን ያለው ሰው የሚያነሳውን አይቶ በማንሳት ነው። እሱ ስንት ዓመት እንደሰራ አታውቁም።

ጂም ውስጥ የሚገኝ ጥሩ አሰልጣኝ ስህተታችሁን ያያል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ቤት ለምትሰሩ ስልካችሁን ከጎን አቁማችሁ ራሳችሁን ቅረጹ። እኔ ጀርባዬ ቀጥ ያለ ይመስለኝ ነበር፣ ቪዲዮው ላይ ግን ጎብጦ አየሁት።

የደም ግፊት ያለባችሁ ሰዎች ክብደት ስታነሱ ትንፋሽ አትያዙ። ግፊቱን በአንዴ ከፍ ያደርገዋል። ሐኪማችሁንም አስቀድማችሁ አማክሩ።

"ቶሎ ትንፋሽ ያጥረኛል"

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከቴል አቪቭ ለእረፍት የመጣ ሰው እዚያ በሚሮጥበት ፍጥነት እዚህ ቢሮጥ መታፈኑ አይቀርም። ሁለት ሳምንት ያህል ቀስ በሉ። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሰራችሁ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፍጥነቱ በዝቷል። እዚሁ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ቤት ወይም ጂም ብለን ራሳችንን አንዝጋ። የመስቀል አደባባይን ደረጃ ጠዋት በእርጋታ መውጣትና መውረድ ለትንፋሽ የትኛውም ማሽን የማይተካው ሥራ ነው።

"በጾም አዞረኝ"

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ በባዶ ሆድ ከባድ ክብደት አታንሱ። ቀላሉን እንቅስቃሴ ከማፈጠሪያ በፊት ባለው ሰዓት፣ ከባዱን ደግሞ በልታችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ አድርጉት። ረመዳን ላይም እንዲሁ ነው። ጾም ላይ የቤት ስፖርት የሚመችበት ምክንያት ይህ ነው፤ ሰዓቱን እንደ ሆዳችሁ ማዞር ትችላላችሁ።

"ጾም ስለሆነ ጡንቻ አይሰራም" የሚሉትን አትስሙ። 100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ፣ አንድ እንቁላል ውስጥ ያለው ግን 6 ግራም ያህል ነው። ሽሮው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ለውዙ አለላችሁ። ችግሩ እንጀራው በዝቶ ወጡ ሲያንስ ነው። ወጡን አብዙት።

"ቦርጬ አልጠፋም አለ"

ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፣ ከላይ ያለውን ስብ ግን ለይቶ አያቀልጥም። ስቲም ገብታችሁ የቀነሳችሁት ኪሎም ላብ ነው፤ ውሃ ስትጠጡ ይመለሳል። ቤትም ሆነ ጂም ይህን አይፈታውም። ለስላሳውን፣ ሻይ ውስጥ የሚገባውን ስኳርና ማታ አምሽቶ መብላትን ነው ማየት ያለባችሁ።

"ጂም ውስጥ ዓይን ይበዛብኛል"

ይህን ከሴቶች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እህቴም ከፍላ ሦስተኛው ቀን ላይ የተወችው በዚህ ነው። አንድ አሰልጣኝ ሳትጠይቀው ደጋግሞ እየመጣ ይነካካት ነበር። "ልመጂው" ማለት መፍትሄ አይደለም። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ለሴቶች ብቻ ሰዓት የሚለዩ ጂሞች አሉ፤ ሴት አሰልጣኝ መኖሯንም ከመክፈል በፊት መጠየቅ ይቻላል። ከጓደኛ ጋር መሄድ ይረዳል። ካልሆነ ቤት መስራት ሽሽት አይደለም። እህቴ አሁን ከጎረቤቷ ጋር ሳሎን ውስጥ ትሰራለች፣ ከእኔ በላይ ጽኑ ናት።

"የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ቅር አለው"

ዝላይና ገመድ ምድር ወርዳችሁ ስሩ። ፎቅ ላይ በዝላይ ምትክ ደረጃ መውጣት ይበቃል። ዳምቤል መሬት ላይ አትጣሉ።

"ካቆምኩ ወራት ሆኖኛል"

ሰው ሲመለስ ካቆመበት ለመቀጠል ይሞክራል፣ በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ እንደገና ያቆማል። ቀድሞ ታነሱት ከነበረው በግማሹ ጀምሩ። የሰለጠነ ጡንቻ ከአዲስ ጀማሪ በቶሎ ይመለሳል፣ ስለዚህ አትፍሩ። ለመመለስ ደግሞ መስከረምን ወይም ፋሲካን አትጠብቁ፣ ጂምም አትመዝገቡ። ዛሬ ማታ ምንጣፉን ዘርጉት። ነገ 15 ደቂቃ ስሩና፣ ጉልበት ቢተርፋችሁም እዚያው ላይ አቁሙ። ከነገ ወዲያም ያንኑ 15 ደቂቃ ድገሙት።