ዓመታት የቆየ የፒፓ ትምባሆ ስትከፍቱ የምትሰሯቸው ስህተቶች

ስምንት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ቆርቆሮ ከፍታችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፒፓው ላይ ጠቅጥቃችሁ ከለኮሳችሁት በቃ ያ ሁሉ ዓመት በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ሰው ዓመታት ይታገስና የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት መታገስ ያቅተዋል፣ ይሄ ነገር ከልቤ ነው የሚያሳዝነኝ፣ ከማያቸው ስህተቶች ብዙዎቹም የሚመጡት ከዚችው ጥድፊያ ነው።

ግን ከመክፈቱ በፊት ሲገዛ የሚሰራ ስህተት አለ፣ እሱም ሁሉም ትምባሆ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል ብሎ ማሰብ። አይደለም። በደንብ የሚያረጀው ቨርጂኒያ የሚባለው የትምባሆ ቅጠል ነው፣ ምክንያቱም የተፈጥሮ ስኳሩ ብዙ ነው፣ በታሸገው ቆርቆሮ ውስጥ ቀስ እያለ እየተብላላ ይሄድና አዲስ እያለ ሳር ሳር የሚለውና ምላስ የሚቆነጥጠው ነገር ወደ ዘቢብና ወደ ደረቅ በለስ ይቀየራል። ፔሪክ የተቀላቀለበትም ያው አሪፍ ነው፣ ፔሪክ ማለት አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ሴንት ጄምስ ፓሪሽ የሚባል ቦታ በበርሜል ውስጥ ተጭኖ በራሱ ጭማቂ ለወራት የሚብላላው ነው፣ ቁንዶ በርበሬና የበሰለ ፍሬ ይላል፣ ሲቆይ ከቨርጂኒያው ጋር አንድ ይሆናል። ላታኪያ ግን በእንጨት ጭስ የታጠነ ቅጠል ስለሆነ ዓመት በጨመረ ቁጥር ጭስነቱ እየለዘበ ነው የሚሄደው፣ ያንን ለስላሳነት የሚወድ ይወደዋል፣ ጭሱን ብላችሁ ከገዛችሁት ግን ብዙ አታቆዩት። በርሊ የሚባለው ቅጠል ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ለውጡም ትንሽ ነው፣ ቫኒላና ቼሪ የተጨመረበት አሮማቲክ ደግሞ ሽታው ይጠፋል እንጂ ብዙ የሚያተርፈው ነገር የለም።

ቆርቆሮው ሲከፈት የሚሸተው ሽታ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ያረጀ ቨርጂኒያ መጀመሪያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፣ አንዳንዴ ካቻፕ ራሱ ነው የሚሸተው፣ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት! ክዳኑን ከፍታችሁ ተዉት፣ ኮምጣጤው ወጥቶ ከስሩ ጣፋጩ ይመጣል። ሌላው የሚያደናግረው ነጩ ነገር ነው፣ ወደ መብራት ስታስጠጉት ብልጭ ብልጭ የሚል እንደ ደቃቅ ጨው ቅጠሉ ላይ የተበተነ ከሆነ ክሪስታል ነው፣ የእርጅና ምልክት ነው ደስ ይበላችሁ፣ እንደ ሸረሪት ድር ወይ እንደ ጥጥ ጸጉር ያለውና እርጥብ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ግን ሻጋታ ነው፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ጣሉት። አንድ ጊዜ እኔ ቆርቆሮዎቼን እርጥበት ያለው ቤዝመንት ውስጥ አስቀምጬ ስሩ ዝጎ በመርፌ የተወጋ የምታክል ቀዳዳ ወጥቶበት ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ትምባሆ እንደ ገለባ ደርቆ ነው ያገኘሁት። ከዛ ወዲህ ደረቅ፣ ጨለማ፣ ሙቀቱ የማይለዋወጥ ቦታ ነው የማስቀምጠው፣ በየስድስት ወሩም እያገላበጥኩ አያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ እርጥበቱ። በተለይ ፍሌክ፣ ማለትም ተጨምቆ እንደ ቋንጣ በስስ የተቆረጠው፣ ከስንት ዓመት በኋላም እርጥብ ሆኖ ነው የሚወጣው። እንግሊዝ ኬንዳል ከተማ የሚሰራውን ፉል ቨርጂኒያ ፍሌክ የሚባል ትምባሆ የከፈተ ሰው ያውቀዋል፣ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ጣት ላይ ይለጠፋል። እሱን እንዳለ ከለኮሳችሁት አምስት ጊዜ ይጠፋባችኋል፣ እናንተም እንዳይጠፋ በኃይል ትስቡታላችሁ፣ እንፋሎቱ ምላስ ይልጣል፣ ጣዕም የሚባል ነገር አይኖርም። የምታጨሱትን ያህል ብቻ አውጡና በጣታችሁ ፈትጋችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጉት፣ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨመቅ አድርጉት፣ ስትለቁት ቀስ ብሎ የሚበተን ከሆነ ደርሷል፣ ተጣብቆ እንደ ኳስ ከቀረ ገና ነው፣ ከተሰባበረ አልፏል።

ከተለኮሰ በኋላ ደግሞ ቀስ። ቡና አቦል ቶና በረካ እንዳለው ፒፓም የራሱ ዙር አለው፣ የመጀመሪያው ሲሶ ቀለል ብሎ ስኳሩ ይወጣል፣ መሃሉ ላይ ሁሉም ተዋህዶ ይመጣል፣ መጨረሻው ይከብዳል። በጥድፊያ የሚስብ ሰው ሶስቱንም አንድ ያደርጋቸዋል። ቢጠፋ ምንም አይደለም፣ ጠቅጠቅ አድርጎ እንደገና መለኮስ ነው። ወደ ሳንባም አይሳብም፣ አፍ ውስጥ ይዞ ትንሿን በአፍንጫ ማስወጣት ነው፣ ምክንያቱም የዘቢቡም የበለሱም ነገር የሚታወቀው በአፍንጫ ነው፣ ምላስ ብቻውን ጣፋጭና መራራ ከማለት ብዙም አያልፍም።

ላታኪያ ሲጨስበት በከረመ ፒፓ ያረጀ ቨርጂኒያ አትሞክሩ። በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ የገባ ወተት ወይራ ወይራ እንደሚለው ነው፣ ጭሱ እንጨቱ ውስጥ ስለቀረ ለስላሳውን ነገር ይውጠዋል። ለቨርጂኒያ ብቻ የለያችሁት ይኑራችሁ፣ ከሌለ ርካሹ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓ ይበቃል፣ አዲስ ይሁን ብቻ።

ዶሮ ወጥ በልቶ ወዲያው መቅመስም አይሆንም፣ በርበሬው ምላስ ላይ እያለ ምን ይለያል? በባዶ ሆድም አይሆንም፣ ሳይሳብም ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ ይገባል፣ ያዞራል ያስመልሳል። እዚህ ላይ ግልጽ ልናገር፣ የቆየ ትምባሆ የተሻለ ጣዕም አለው እንጂ ጉዳቱ አይቀንስም፣ ፒፓ የአፍ ካንሰር ያመጣል፣ ስለዚ እኔ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፣ የማያጨስ ሰውም በኔ ጽሁፍ እንዲጀምር አልፈልግም።

የመጨረሻው፣ ከፍቶ የተረፈውን እዛው ቆርቆሮ ውስጥ መተው። አንዴ ከተከፈተ ታሽጎ የቆየው አየር ወጥቷል፣ ትምባሆውም መድረቅ ይጀምራል። ክዳኑ ግጥም የሚል የመስታወት ዕቃ ውስጥ ገልብጡት፣ ከደረቀባችሁም የፖም ቁራጭ ምናምን አትክተቱበት፣ ሻጋታ ነው የሚያመጣው። ዕቃው ላይ የታሸገበትን ዓመትና የከፈታችሁበትን ቀን ጻፉ፣ ከተገኘ ደግሞ ያንኑ ትምባሆ አዲሱን ገዝታችሁ በማግስቱ አጭሱትና አወዳድሩ፣ ስምንት ዓመቱ ምን እንደሰራ ያኔ ነው የሚገባችሁ።