በላፕቶፕ የሠራው የጃቫ ፕሮግራም ኮንቴይነር ውስጥ እምቢ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ጅማ ላይ ለእሸት ቡና መረከቢያ የሚያገለግል የመዝገብ ፕሮግራም በጃቫ ስንሠራ፣ ኮዱን ከመጻፍ የበለጠ ያደከመን ያለቀውን ፕሮግራም አንድ ጃር ፋይል (የተጠቀለለ የጃቫ ፕሮግራም) አድርጎ ኮንቴይነር (ፕሮግራሙ ከሌላው ሲስተም ተለይቶ የሚሠራበት ክልል) ውስጥ ማስነሣቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከባልደረቦቼ ጋር አንድ ልማድ ይዘናል፤ ስሕተት ሲመጣ ኮዱን ከመንካታችን በፊት ጃሩን ከፍተን ውስጡን እናያለን። ጃር በመሠረቱ ዚፕ ፋይል ስለሆነ በማንኛውም የዚፕ መክፈቻ ይከፈታል።

«ኖ ሜይን ማኒፌስት አትሪቢዩት» ብሎ ወዲያው ይቆማል

ጃቫ ጃሩን ሲያስነሣ ከየትኛው ክላስ (የኮድ ክፍል) እንደሚጀምር የሚያውቀው «ሜታ-ኢንፍ» በተባለው ፎልደር ውስጥ ካለው የማኒፌስት ፋይል ነው። በዚያ ፋይል ላይ «ሜይን-ክላስ» የሚል መስመር ከሌለ ፕሮግራሙ አይነሣም፤ ጃሩን የሚገነባው መሣሪያ ሜቨን ደግሞ ካልታዘዘ በቀር ይህን መስመር አይጽፍም። መፍትሔው በፖም ፋይሉ (የሜቨን ቅንብር ፋይል) ውስጥ የጃር ፕለጊኑ ላይ የዋናውን ክላስ ሙሉ ስም ከነፓኬጁ ማስገባት ነው። ስፕሪንግ ቡት በተባለው የጃቫ ማዕቀፍ ለሚሠሩ ግን መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፦ የስፕሪንግ ቡትን ወላጅ ፖም ካልተጠቀሙ ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸውን ላይብረሪዎች ጨምሮ ጃሩን እንደገና የሚጠቀልለው «ሪፓኬጅ» የተባለው ሥራ በራሱ ስለማይጀመር በፕለጊኑ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። የፋይሉ መጠንም ይናገራል፤ በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር መሆን የሚገባው ጃር ጥቂት መቶ ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ላይብረሪዎቹ አልገቡም ማለት ነው። ማኒፌስቱን በእጅ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የመጨረሻውን መስመር በአዲስ መስመር ምልክት መዝጋቱን ያረጋግጥ፤ አለበለዚያ ያ መስመር ሳይነበብ ሊቀር ይችላል።

ይነሣል፣ ነገር ግን ክላስ አላገኘሁም ይላል

እዚህ ላይ ዋናው ክላስ ተገኝቷል፤ የጎደለው ፕሮግራሙ የተደገፈበት ላይብረሪ ነው። ብዙዎች በትዕዛዙ ላይ የክላስ ፓዝ (ላይብረሪዎች የሚፈለጉበት አድራሻ) ጨምረው ሊያስተካክሉት ይሞክራሉ፤ ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ በጃር ትዕዛዝ ሲነሣ ጃቫ ያንን ተጨማሪ ፓዝ ፈጽሞ አይመለከተውም። «ሼድ» በተባለው የሜቨን ፕለጊን ሁሉንም በአንድ ጃር ማዋሐድ፣ ወይም ላይብረሪዎቹን በአንድ ፎልደር አስቀምጦ ማኒፌስቱ ላይ ማመልከት ይበቃል።

ማዋሐዱ ግን የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። የተለያዩ ላይብረሪዎች በ«ሰርቪስስ» ፎልደር ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፋይሎች ስለሚኖሯቸው አንዱ ሌላውን ይሸፍነውና፣ በላፕቶፕ ላይ ከዳታቤዝ ጋር በሰላም ይገናኝ የነበረው ፕሮግራም «ተስማሚ ድራይቨር የለም» ይላል። በፕለጊኑ ላይ የሰርቪስ ፋይሎችን የሚያዋሕደውን ትራንስፎርመር መጨመር ያስፈልጋል። ስሕተቱ ስለ ፊርማ የሚናገር ከሆነ ደግሞ ከላይብረሪዎቹ የመጡትን የፊርማ ፋይሎች ከውሕዱ ማስወጣት ነው።

የክላስ ቨርዥን አይደገፍም ይላል

በስሕተቱ ላይ ከሚታየው ቁጥር 44 ሲቀነስ የጃቫው ቨርዥን ይገኛል፤ 61 ማለት ጃቫ 17፣ 65 ማለት ጃቫ 21 ነው። ላፕቶፑ በ21 ገንብቶ ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሣበት ጥቅል) 17 ከያዘ አይግባቡም። የኢሜጁን ቨርዥን ከፍ ማድረግ ወይም የሜቨኑን «ሪሊስ» ቁጥር ወደ 17 ማውረድ ነው።

ጥቂት ሠርቶ በኮድ 137 ይሞታል

በጥሞና ሊታይ የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም መልካቸው የተቀራረበ ሦስት ችግሮች አሉ። 137 ማለት 128 ሲደመር 9 ነው፤ ፕሮግራሙ በሲግናል 9 (በግድ በሚያቆመው የሲስተም ምልክት) ተገድሏል። ሎጉ (የፕሮግራሙ የሥራ መዝገብ) ላይ ምንም ሳይጻፍ ከሞተና ኮንቴይነሩን የሚያስኬደው የዶከር «ኢንስፔክት» ትዕዛዝ «ኦኦኤም ኪልድ» የሚለውን «ትሩ» ብሎ ካሳየ፣ ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ሜሞሪ አልፏል፤ ስለዚህ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ወይም የጃቫን ሂፕ (ፕሮግራሙ ዳታውን የሚያኖርበትን የሜሞሪ ክፍል) መቀነስ ይገባል። ሎጉ ላይ የ«ጃቫ ሂፕ ስፔስ» ስሕተት ከታየ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ጃቫ በተለመደው አሠራሩ ከኮንቴይነሩ ሜሞሪ ለሂፕ የሚወስደው ሩቡን ብቻ ስለሆነ፣ 1 ጊጋባይት ብንሰጠው 256 ሜጋባይት ገደማ ላይ ይታነቃል። «ማክስ ራም ፐርሰንቴጅ» የተባለውን ቅንብር 75 ማድረግ ለእኛ በቂ ሆኖልናል፤ ሂፕ ብቻውን የጃቫ ሜሞሪ ስላልሆነ ወደ 100 ማስጠጋትን ግን አልመክርም። ጃቫ 8 ላይ ያሉ ደግሞ ከአፕዴት 191 በታች አይሁኑ፤ የቀደሙት የኮንቴይነሩን ጣሪያ ሳይሆን የሰርቨሩን ሙሉ ሜሞሪ ነው የሚያዩት።

ሦስተኛው፣ ኮንቴይነሩን ራሳችን ስናቆመው 10 ሰከንድ ጠብቆ በ137 የሚወጣበት ነው። በዶከርፋይሉ (ኢሜጁ በሚሠራበት መመሪያ) ላይ የማስነሻው ትዕዛዝ ያለ ቅንፍ ሲጻፍ ሼል የተባለው ትዕዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም መሐል ይገባና የማቆሚያው ሲግናል ጃቫ ዘንድ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል፤ በመመዝገብ ላይ ያለ ርክክብም በመሐል ይቆረጣል። ትዕዛዙን በካሬ ቅንፍ፣ እያንዳንዱን ቃል በጥቅስ ለይቶ መጻፍ ይፈታዋል።

ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ፣ ሰዓቱም ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ

በደረሰኙ ላይ በአርሶ አደሩ ስም ቦታ «????» ታትሞ ሳይ ዳታቤዙ የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ዳታቤዙ ደህና ነበር። እስከ ጃቫ 17 ድረስ ነባሪው የፊደል ኮድ የሚወሰደው ከሲስተሙ ነው፤ አንዳንድ ቀጫጭን ኢሜጆች ደግሞ የግዕዝ ፊደልን የሚያውቅ ቅንብር የላቸውም። ጃቫ 18 ከወጣበት ከመጋቢት 2014 ዓ.ም. ወዲህ ዩቲኤፍ-8 (ግዕዝን ጭምር የሚይዘው የፊደል ኮድ) ነባሪ ሆኗል፤ ለቀደሙት በማስነሻው ላይ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል። ሎጉ በአዲሱም ላይ የጥያቄ ምልክት ካሳየ «ላንግ» የተባለውን የሲስተም ተለዋዋጭ ወደ ዩቲኤፍ-8 ማቀናበር ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ኮንቴይነር ካልተነገረው በዩቲሲ (ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ይሄዳል። በቡና ወቅት ርክክቡ እስከ ሌሊት ስለሚዘልቅ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተመዘነው እሸት በቀደመው ቀን ተመዝግቦ የቀኑ ሒሳብ አልገጥም አለን። የሰዓት ቀጠናውን «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ብሎ መስጠት የሚታየውን ያስተካክላል፤ ዳታቤዙ ውስጥ ግን በዩቲሲ ማስቀመጥና ሲታይ ብቻ መቀየር ይሻላል።

አንዲት መስመር ቀይሬ ኢሜጁ ለመጫን ሰዓታት ይፈጃል

ላይብረሪዎቹና የእኛ ኮድ በአንድ ጃር ስላሉ ትንሹ ለውጥ ሙሉውን ፋይል እንደ አዲስ ያስልካል፤ በጅማ መስመር፣ መብራትም በመሐል እየጠፋ፣ ይህ የቀን ሥራ ይበላል። ከስፕሪንግ ቡት 2.3 ጀምሮ ጃሩን በንብርብር መክፈል ይቻላል፤ ስፕሪንግ ቡት የማይጠቀሙ ሌሎችም በዶከርፋይሉ ላይ የላይብረሪውን ፎልደር አስቀድመው፣ የራሳቸውን ክላሶች በመጨረሻ ይቅዱ። የማይለወጠው ንብርብር አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ የሚላከው ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ይሆናል።