«ሱ» እና «ሱዶ» አላስገባም ሲሉ፦ በየሊኑክሱ እንዴት እንደሚስተካከል

የይለፍ ቃሉን በትክክል ጽፋችኋል። ሊኑክሱ ግን «ኦተንቲኬሽን ፌይለር» ብሎ ይመልሳችኋል። ደግማችሁ ትሞክራላችሁ፤ ያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የይለፍ ቃሉ ሳይሆን የማን የይለፍ ቃል እንደተጠየቀ አለማወቅ ነው። (ትዕዛዞቹን የጻፍኳቸው እንደሚነበቡ ነው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ጻፏቸው።)

«ሱ» (ወደ ሌላ ተጠቃሚ የሚቀይራችሁ ትዕዛዝ) የሚጠይቀው የምትገቡበትን ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ነው። ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ልትሆኑ ከፈለጋችሁ የሩትን ይፈልጋል። «ሱዶ» (አንድን ትዕዛዝ በሩት ሥልጣን የሚያስኬደው) ደግሞ የራሳችሁን ይጠይቃል። ኦፕንሱሴ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ግን ለረጅም ጊዜ በሱዶም የሩትን ሲጠይቅ ኖሯል፤ ከኡቡንቱ የመጣ ሰው እዚያ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

መጀመሪያ ኪቦርዱን እዩ። አትሳቁ። የአማርኛው ኪቦርድ በርቶ ከቀረ የምትመቱት ሌላ፣ የሚገባው ሌላ ነው። ተርሚናሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኮከብ እንኳ አያሳይም። እኔ አንድ ማታ ግማሽ ሰዓት ያቃጠልኩት በዚሁ ነው። ባዶ ፋይል ላይ ሁለት ፊደል መታ መታ አድርጋችሁ አረጋግጡ።

ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ «ሱ» እንቢ ቢላችሁ አይግረማችሁ። የሩት አካውንት ሲጫን ጀምሮ የተቆለፈ ነው። «ሱዶ ፓስውድ -ኤስ ሩት» ብትሉ (ኤሷ ትልቋ ናት) ከስሙ ቀጥሎ «ኤል» ይላችኋል፤ ተቆልፏል ማለት ነው። መክፈት አያስፈልግም። ሩት ለመሆን «ሱዶ -አይ» በቂ ነው።

ዴቢያን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ስትጭኑት ለሩት የይለፍ ቃል ከሰጣችሁ የእናንተን ስም ሱዶ ግሩፕ ውስጥ (ሱዶን መጠቀም የተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ) አያስገባውም። «ሱ -» ብላችሁ ግቡና «አድዩዘር ስማችሁ ሱዶ» በሉ። ሰረዟን እንዳትረሷት! ከዴቢያን 10 (2019) ወዲህ ያለሰረዝ ከገባችሁ የድሮው ፓዛችሁ (ትዕዛዞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) አብሯችሁ ስለሚሄድ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ይላችኋል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ውጡና ተመልሳችሁ ግቡ። «አይዲ» ስትሉ ግሩፑ መታየት አለበት።

ፌዶራ፣ ሮኪ፣ አልማ እና አርች ግሩፑን «ዊል» ነው የሚሉት። ሩት ሆናችሁ «ዩዘርሞድ -ኤጂ ዊል ስማችሁ» በሉ (ጂዋ ትልቋ ናት)። ትንሿን ኤ ከዘለላችኋት ከሌሎቹ ግሩፖች ሁሉ ያስወጣችኋል። አርች ላይ አንድ ሥራ ይቀራል፦ የሱዶን ደንብ ፋይል በ«ቪሱዶ» ከፍታችሁ ከዊል መስመር ፊት ያለችውን # (መስመሩን ከሥራ ውጭ የምታደርገውን ምልክት) አንሱ። ፋይሉን በሌላ ኤዲተር አትንኩት፤ ቪሱዶ ስህተት ካለ ሳያስቀምጥ በፊት ይነግራችኋል።

አርች ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ለ10 ደቂቃ ይዘጋባችኋል፤ በዚያ መሃል ትክክለኛውን ብትጽፉም አይሰማም። ወይ ሻይ ጠጥታችሁ ኑ፣ ወይ ከሩት «ፌይልሎክ --ዩዘር ስማችሁ --ሪሴት» በሉ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ መገመቱን ትታችሁ ሎጉን (ሊኑክሱ የሆነውን የሚመዘግብበትን) አንብቡ። ኡቡንቱ ላይ «/ቫር/ሎግ/ኦውዝ.ሎግ»፣ የሬድሃት ቤተሰብ (ሮኪ፣ አልማ) ላይ «/ቫር/ሎግ/ሴኪዩር» ነው። ዴቢያን 12 ወይም ፌዶራ ላይ ፋይሉን ብታጡት አትደንግጡ፤ «ጆርናልሲቲኤል» በሚለው ትዕዛዝ ታገኙታላችሁ። እዚያ የከለከላችሁን የፓም (መግባት የተፈቀደለትን የሚያጣራው የሊኑክስ ክፍል) ሞጁል ስም ፈልጉ። «ፓም ዩኒክስ» ካለ ችግሩ የይለፍ ቃሉ ላይ ነው። «ፓም ዊል» ካለ ግን የይለፍ ቃላችሁ ምንም አልሆነም፤ አንድ ሰው «/ኢቲሲ/ፓም.ዲ/ሱ» ውስጥ ያለውን የዊል መስመር ከፍቶታል። ስለዚህ «ሱ»ን መጠቀም የሚችሉት የግሩፑ አባላት ብቻ ናቸው። ወይ ግሩፑ ውስጥ ግቡ፣ ወይ መስመሩ ፊት # መልሱ።

ፓምን ከመንካታችሁ በፊት ግን በሌላ መስኮት ሩት ሆናችሁ ግቡና ክፍቱን ተዉት። አንዲት የተሳሳተች ፊደል ሁሉንም ሰው ውጭ ታስቀራለች። ያንን መስኮት የምትዘጉት በአዲስ ተርሚናል «ሱ -» ሲሠራ ካያችሁ በኋላ ነው።