የባንክን የማኅበራዊ ኃላፊነት ሪፖርት እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

ብዙዎቹ ሪፖርቶች ችግኝ በሚተክሉ ሠራተኞች ፎቶ ይከፈታሉ። ፎቶው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ባንኩ ይታመን እንደሆነ ግን አያሳይም። ባንክ በኅብረተሰቡ ላይ ዋናውን ተጽዕኖ የሚያሳድረው በሚያበድረው ገንዘብና በደንበኛ አያያዙ ነው።

መጀመሪያ የሦስት ተከታታይ ዓመታት ሪፖርቶችን፣ በኦዲተር ከተመረመሩት የሂሳብ መግለጫዎች ጋር፣ ከባንኩ ድረ ገጽ ያውርዱ። ሠንጠረዦቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡና ዘንድሮ የጠፋ መስመር ይፈልጉ። ያለ ማብራሪያ የተሰወረ አሃዝ ብዙ ጊዜ የተበላሸ አሃዝ ነው።

ቀጥሎ ልገሳውን ለተጣራ ትርፉ ያካፍሉ። ትርፉ 2 ቢሊዮን፣ ልገሳው 10 ሚሊዮን ከሆነ ድርሻው 0.5 በመቶ ነው። ለአምስት ዓመት ቃል የተገባ ገንዘብ እንደ አንድ ዓመት ወጪ ተጽፎ እንዳይሆን፣ የስፖርት ስፖንሰርሺፕም ልገሳ ተብሎ እንዳይደመር ይጠንቀቁ፤ ስፖንሰርሺፕ ማስታወቂያ ነው።

ረጅሙን ጊዜ የሚሰጡት ለብድሩ ነው። «ከተበዳሪዎቻችን 70 በመቶው አነስተኛ ነጋዴዎች ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኙ ከጠቅላላው ብድር በገንዘብ መጠን ስንት በመቶው እንደደረሳቸው ይፈልጉ። የሰው ቁጥር 70፣ ገንዘቡ 5 ሊሆን ይችላል፤ ቀሪው ጥቂት ትልልቅ ተበዳሪዎች ጋ ነው። ብድሩ በዘርፍ ተከፋፍሎ ካልቀረበ ሪፖርቱ ዋናውን ነገር ዘሎታል። ግድብ፣ ማዕድን ወይም ነዳጅ የመሳሰሉ ግዙፍ ፕሮጀክቶችን የሚደግፍ ባንክ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጡትን የኢኳተር መርሆዎች (ባንኮች የሚደግፏቸው ፕሮጀክቶች በአካባቢና በኅብረተሰብ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት እንዲመዝኑ በፈቃዳቸው የሚቀበሏቸው መመሪያዎች) ፈርሞ እንደሆነ ያረጋግጡ። መርሆዎቹ ዛሬ ወጪያቸው 10 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላርና ከዚያ በላይ የሆኑ በፕሮጀክት ፋይናንስ፣ ማለትም ከፕሮጀክቱ ከራሱ ገቢ በሚመለስ ብድር፣ የሚሠሩ ሥራዎችን ይመለከታሉ። የካርበን ልቀቱንም ሲያነቡ የቢሮዎቹን መብራትና መኪና ብቻ ቆጥሮ እንዳይሆን ይዩ። የባንክ ልቀት በአብዛኛው ያለው ብድር በሰጣቸው ድርጅቶች ውስጥ ነው።

ከዚያ የቅሬታውን ገጽ ይክፈቱ። ስንት ቅሬታ ቀረበ፣ በስንት ቀን መልስ አገኘ፣ ስንቱ ለደንበኛው ተፈረደ? «ቅሬታ አልቀረበም» የሚል ባንክ አያስደስትም፤ ምናልባት የቅሬታ መቀበያው አይሠራም። የሠራተኞች ጉርሻ በምን እንደሚሰላም ይመልከቱ። ዌልስ ፋርጎ ብዙ ከሚለግሱ የአሜሪካ ባንኮች አንዱ ነበር። ሆኖም በሽያጭ ኮታ የተጨነቁ ሠራተኞቹ ደንበኞች ሳያውቁ ሂሳብ ይከፍቱ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2016 የ185 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለበት። ይህን ዓይነት ጉዳት ምንም ልገሳ አይሸፍነውም።

አሁን ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ይሂዱ። ጂአርአይ (GRI) የማኅበራዊና የአካባቢ ሪፖርት ደረጃዎችን የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ሪፖርቱ «በጂአርአይ ደረጃዎች መሠረት» ተዘጋጅቷል ማለትና «ደረጃዎቹን በማጣቀስ» ማለት ይለያያሉ፤ ሁለተኛው ባንኩ የፈለገውን መርጦ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። የገለልተኛ መርማሪ ደብዳቤ ካለ ደግሞ «ውሱን ማረጋገጫ» ነው ወይስ «ምክንያታዊ ማረጋገጫ»? በውሱኑ መርማሪው የሚለው ስህተት መኖሩን የሚያመለክት ነገር አላገኘሁም ብቻ ነው፤ የሚያካሂደውም ምርመራ ጠለቅ ያለ አይደለም። ምርመራው የትኞቹን አሃዞች እንደሸፈነም ያንብቡ፤ አንዳንዴ የመብራት ፍጆታው ብቻ ተመርምሮ ማኅተሙ ሽፋኑ ላይ ይቀመጣል።

መልስ ያላገኙበትን በጽሑፍ ባንኩን ይጠይቁ፤ የብድር ክፍፍሉንና የቅሬታውን አሃዝ ያስቀድሙ። መልሱ አሃዝ ከሌለው፣ የሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ሲወጣ መጀመሪያ የሚከፍቱት ያንኑ ገጽ ይሁን።