ተኝቶ የከረመ አሮጌ ሞተር፦ ችግሮቹና መፍትሄያቸው

ይህ የተጻፈው አሮጌ ቱ ስትሮክ ሞተር በቤቱ ግቢ ለሚያድስ ሰው ነው። ያማሃ ዲቲ ይሁን ኤጂ 100፣ ሱዙኪ ቲኤስ ይሁን ጃዋ፣ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣ ይሁን ከአባት ጓሮ የተጎተተ፣ ሕመማቸው ይመሳሰላል። ካንዴላ ፈትቶ ማየት፣ የአየር ፊልትሮ ማጠብ፣ የካንዴላውን ገመድ መፈተሽ ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ። የሊብሬው የሻሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙንም ብር ከመክፈላችሁ በፊት አይታችኋል ብዬ ነው የምቀጥለው።

በቾክ ይነሳል፣ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል

ቾክ ስባችሁ ስትረግጡት ይነሳል። ቾኩን ስትመልሱት ይጠፋል። ነዳጅ እየሰጣችሁ ከያዛችሁት ይሄዳል፤ ማዞሪያ ላይ ደርሳችሁ እጃችሁን ስታላሉ ጸጥ ይላል። ሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት በዝግታ መሥራት) የሚባል ነገር የለውም። እኔ ግቢ ተገፍተው ከሚገቡት አሮጌ ሞተሮች አብዛኞቹ ይህንን ይዘው ነው የሚመጡት። ከባለቤቶቹም አብዛኞቹ የማይቀየረውን ቀይረው ነው።

ቅርቡ ምክንያት የሚኒሞ ጂግለር መደፈን ነው። ካርብራተሩ ውስጥ ቤንዚን ለክተው የሚያሳልፉ ሁለት የናስ ጂግለሮች አሉ፤ ትልቋ ለሙሉ ነዳጅ፣ ትንሿ ለሚኒሞ። የትንሿ ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ተንኖ ቡናማ ሙጫ ይተዋል፤ ያች ቀዳዳ ደግሞ ለመደፈን ብዙ አትፈልግም።

የጋሌጃንቴውን (የካርብራተሩን ተንሳፋፊ) ቤት ከታች ፍቱና ጂግለሯን በልኳ ካቻቪቴ አውጧት። አፏን በሰፊ ወይም በተበላ ካቻቪቴ ከላጣችሁት ቀጣዩ ጉዞ ቶርኖ ቤት ነው። ወደ ሰማይ አንስታችሁ ስታዩባት ጥርት ያለ ክብ ብርሃን መታየት አለበት። ካልታየ ንጹሕ ቤንዚን ወይም ካርብራተር ማጽጃ ውስጥ አሳድሯት፤ ከመብራት ገመድ የመዘዛችኋትን አንዲት የመዳብ ክር አሳልፉባት፤ በአየር ንፉ። የልብስ መርፌ አታስገቡ። ሽቦ ብሩሽ አታስገቡ። የብረት መርፌ ናሱን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ቤንዚን እየጠጣ ያጨሳል፤ እናንተም ምክንያቱን ሌላ ቦታ ትፈልጋላችሁ። ጂግለሯ የምትገባበትን መንገድና ከጎን ያለውን የአየር ቀዳዳም ንፉ፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህን ነው።

አሁን ሞተሩ ይነሳል፣ ሚኒሞም ይይዛል። በሳምንቱ ግን ያው ችግር ይመለሳል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እሱ ነው። ካርብራተሩ ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለም። በዳዩ ታንኩ ነው።

ከወንጂ የመጣ አንድ ሰው ሦስት ካርብራተር በፌስታል አንጠልጥሎ ዲቲውን እየገፋ ገባ። የመጀመሪያው ኦሪጅናሉ ነበር፤ «አርጅቷል» ብለው አስፈትተውታል። ሁለተኛው ኮፒ ነው። ሦስተኛው ጭራሽ የባጃጅ ሆኖ በጎማ ቱቦና በሽቦ ታስሮ ነበር። የታንኩን ክዳን ከፍቼ በስልክ መብራት ወደ ውስጥ አየሁ፤ ጣሪያው ቅርፊት አውጥቷል። ኦሪጅናሉን አጥበን መለስነው፣ ታንኩን አጸዳን፤ ሁለቱ አዳዲሶች እስካሁን የእኔ መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ የሚወስዳቸውም የለም። የኮፒው ጂግለር ላይ የተጻፈው ቁጥር ከቀዳዳው ስፋት ጋር አይገናኝም፤ የጋሌጃንቴው መርፌ ደግሞ በደንብ አይዘጋም። ጃፓን የሠራው አሮጌ ካርብራተር በአቧራና በሙጫ ቢሸፈንም ከዚህ ይሻላል። እንዳትጥሉት። ታንኩን ሳያጸዱ ካርብራተር መቀየር ጣሪያው እያፈሰሰ ምንጣፍ መቀየር ነው።

ታንኩ መሆኑን የምታውቁት እንዲህ ነው። የቤንዚን መክፈቻውን ሪዘርቭ ላይ አድርጉና ግማሽ ሊትር ያህል በጠራ ጠርሙስ ቅዱ። መደበኛው መስመር ከታንኩ ወለል ከፍ ካለች ቱቦ ስለሚቀዳ ዝቃጩን አይነካም፤ ሪዘርቩ ግን ከወለሉ ነው የሚስበው። «ሪዘርቭ ሳደርገው ነው የሚጠፋው» የሚል ሰው ምርመራውን ራሱ ጨርሶ መጥቷል ማለት ነው። ጠርሙሱን አሳድሩት። ጠዋት ከታች ቀይ ደለል ካለ ዝገት ነው፤ ለብቻዋ የምትንከባለል ጠብታ ካለች ውሃ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አሉ፤ ዝገት ያለ ውሃ አይመጣምና።

«ፊልትሮ ብጨምርስ?» ትሉ ይሆናል። ጨምሩ፣ ግን ከጸዳ በኋላ። ደቃቁ ዝገት በተራው ፊልትሮ ያልፋል። ትልቁ የመኪና ፊልትሮ ደግሞ በፓምፕ ለሚገፋ ቤንዚን የተሠራ ነው፤ በራሱ ክብደት ብቻ ለሚወርድ አይሆንም፣ አየር ይይዝና ዳገት ላይ ያስርባችኋል። ትንሿን የሞተር ፊልትሮ ግዙ።

አጸዳዱ። ታንኩን አውርዱ፣ መክፈቻውን ፍቱ፣ ቀዳዳውን ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማና በቆርቆሮ ድፈኑ። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቡት። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል የኖረ ዘይት ዝገቱን ሸፍኖታል፤ ዘይቱ ካልወጣ አሲዱ ዝገቱን አያገኘውም። ከዚያ አንድ ጭብጥ ትናንሽ ብሎንና ዳዶ ጨምሩና በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አንቀጥቅጡት። የጨመራችሁትን ቁጠሩ፣ ቁጥሩን ጻፉ። አንዷ ብሎን ውስጥ ከቀረች ሞተሩ በሄደ ቁጥር ስታንኳኳ ትኖራለች።

ቀጥሎ አቼቶ። ግማሹን ሳይሆን እስከ አፉ ሙሉት፤ የባሰ የዛገው ቤንዚን የማይደርስበት ጣሪያው ነውና። አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቀመጥ። ሲትሪክ አሲድ ካገኛችሁ ይፈጥናል፤ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ከ60 እስከ 100 ግራም ይበቃል። ቀለሙ ኦሪጅናል ከሆነ የአፉን ዙሪያ ግራሶ ቀቡት፣ ጠብታው ያበላሸዋል።

የባትሪ አሲድ አትጨምሩ። እደግመዋለሁ፣ የባትሪ አሲድ አትጨምሩ። አንዲት ሲስተር የአባቷን ኤጂ 100 ልታድስ ብላ፣ ጎረቤት የመከራትን ሰምታ አንድ ሌሊት አሳድራበት አመጣችው። «ጋሼ፣ ዝገቱ እኮ ለቋል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ለቋል፤ ከስሩ የነበረው ላሜራም አብሮ ለቋል። ወደ ፀሐይ ስናነሳው ወለሉ እንደ ወንፊት ያሳያል። ያን የመሰለ ታንክ ዛሬ ሶማሌ ተራ ድረስ ወጥታችሁም በቀላሉ አታገኙትም።

አቼቶውን ከደፋችሁ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጣችሁበት ውሃ እጠቡ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ። ከዚህ በኋላ ፍጠኑ። የጸዳ ባዶ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ቀይ መልበስ ይጀምራል። የአዳማ የቀትር ፀሐይ እዚህ ላይ ባለውለታችሁ ናት፤ አፉን ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ እያደረጋችሁ አድርቁት። ከሰል አጠገብ አታስጠጉት። እንደደረቀ የቱ ስትሮክ ዘይት ከትንሽ ቤንዚን ጋር ጨምራችሁ እያገላበጣችሁ ሁሉንም ግድግዳ አስነኩ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ሲቆም ታንኩ ሙሉ ይሁን፤ ግማሽ ባዶ ታንክ ሌሊት ሲበርድ ውስጡ ያልበዋል።

ሲጸዳ ቀዳዳ ሊወጣ ይችላል። እናንተ አልበሳችሁትም፤ ዝገቱ ደፍኖት ነበር። ትንሿን ቀዳዳ ቤንዚን በሚችል ኢፖክሲ ከውጭ መድፈን ይቻላል። በያጅ ጋ ከሄዳችሁ ግን ይህን ስሙ፦ ባዶ ታንክ ከሙሉው የባሰ አደገኛ ነው። የሚፈነዳው ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነው። «አሽትቼዋለሁ፣ ቤንዚን የለውም» ማለት ዋስትና አይደለም። ከተማችን ውስጥ አንድ ወጣት በያጅ እንዲህ ብሎ እሳት ሲያስነካው የታንኩ ወለል ተገንጥሎ ቆርቆሮ ጣሪያ በስቶ ወጣ። እሱ ጎንበስ ብሎ ስለነበር ተረፈ። በኦሞ ደጋግሞ አጥቦ፣ የሚበየደው ቦታ ብቻ ቀርቶ ውሃ ሞልቶ የሚሠራ ሰው ካልሆነ ታንካችሁን አትስጡት።

የቤንዚኑ ነገር። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛት ይመጣል። ውሃም ላምባም ሊኖርበት ይችላል። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ምልክት ሳይተው ይተናል፣ ላምባ ያለበት ወዝ ይተዋል። ዘይት የተቀላቀለበት ከሆነ ይህ ፈተና አይሠራም። ታንኩን ለማጽዳት ሁለት ቀን ለፍታችሁ በዚያ ከሞላችሁት ሞተሩን እኔ ጋ አታምጡት።

ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል

መጀመሪያ በጠፋበት ቦታ የታንኩን ክዳን ክፈቱ። አየር ሲስብ ከሰማችሁና ወዲያው ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ በዚህ አቧራ የሚገርም አይደለም። ካልሆነ ሳይበርድ ካንዴላውን ፍቱ፣ ገመዱ ላይ ሰክታችሁ ማሳ (የሞተሩን ብረት) አስነኩና ርገጡ። ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቁ፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ነው። ብልጭታው ሰማያዊ ሆኖ ቀጭ ካለ ችግሩ ቤንዚን ነው፣ ወደ ላይ ተመለሱ። ከጠፋ ወይም ቢጫ ከሆነ ኮንደንሰሩ ወይም ከቮላኖው (ከሞተሩ ጎን ከሚሽከረከረው ባለ ማግኔት ብረት) ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል ነው።

ፑንቲናው (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው መገናኛ) ጠቁሮና ተቃጥሎ ካገኛችሁት ኮንደንሰሩን ጠርጥሩ። ሁለቱን አብራችሁ ቀይሩ፤ የፑንቲናውን ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር አድርጉ። ሣጥን ውስጥ አዲስ የሚመስል ግን ከፋብሪካ ሞቶ የሚወጣ ኮንደንሰር ገበያውን ሞልቶታል፤ ስለዚህ አሮጌውን ገና አትጣሉ። ጥቅሉ ከሆነ ዳይናሞ የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች ይሠሩታል። ቮላኖ የሚነቀለው በመንቀያው ነው። በመዶሻ ከመታችሁት ማግኔቱ ይሰነጠቃል፣ ኮሎው (ቮላኖው የተገጠመበት የሞተሩ ዘንግ) ይጣመማል። ሲዲአይ (ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ) ያላቸው የኋለኞቹ ሞዴሎች ፑንቲና የላቸውም፤ አትፈልጉ።

ኪኩ አይወርድም

ፒስተኑ ተጣብቋል። በካንዴላው ቀዳዳ ናፍታ ከዘይት ጋር አፍስሱ፣ ጥቂት ቀን ተዉት፣ ከዚያ ከፍተኛ ማርሽ አስገብታችሁ የኋላውን ጎማ ፊትና ኋላ ወዝውዙት። ኪኩ ላይ መዝለል የለም።

ይረገጣል፣ ግን መልሶ ይመታል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይተኩሳል

የቮላኖው ቻቬታ (ከኮሎው ጋር የምታያይዘው ቁራጭ ብረት) ተቆርጣለች። እምብዛም አያጋጥምም፣ ቢያጋጥምም ርካሽ ነው።

ይነሳል፣ ጉልበት የለውም

ማርሚታው በካርቦን ታፍኗል። ቱ ስትሮክ ላይ ይህ የታወቀ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የተርብ ጎጆ ይወጣል። አውጥታችሁ ፋቁት።

ነጭ ጭስ ይተፋል፣ የማርሽ ዘይት ይጎድላል

ከፍሪሲዮን በኩል ያለው የኮሎ ፓራሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ሞተሩ የማርሽ ዘይት እየጠጣ ነው። ከቮላኖው በኩል ያለው ከሆነ ጭስ አይኖርም፣ የባሰው ግን እሱ ነው። አየር ይስባል፣ ሚኒሞው በራሱ ይወጣል፣ ነዳጅ ስትለቁ ሞተሩ አይወርድም። በዚህ ሁኔታ አትንዱት፤ ፒስተን ይበላል። ዓመታት የተኛ ሞተር ላይ ሁለቱንም ሳትጠራጠሩ ቀይሩ።

ከዚሁ ጋር፦ ያማሃና ሱዙኪዎቹ ዘይት በፓምፕ ይወስዳሉ። የተኛ ፓምፕ አየር ይይዛል። አየሩ እስኪወጣና ዘይት ሲወርድ በዓይናችሁ እስክታዩ የመጀመሪያውን ታንክ ከዘይት ጋር ቀላቅሉ፤ 25 ለ1 ማለት በሊትር 40 ሚሊ ሊትር ነው። ቢያጨስ ያጭስ።

አዳማ ላይ ጥሩ ነው፣ አሰላ ላይ ያፍናል

ብልሽት አይደለም። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ አሰላ ከ2,400 ያልፋል፤ በዴራና በኢተያ በኩል ስትወጡ አየሩ እየሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። እዚያ የሚኖር ሰው ዋናውን ጂግለር በአንድ ቁጥር ማሳነስ ይችላል። ወደ መተሐራ መውረድ ግን ተቃራኒው ነው። ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም አለ። ለአሰላ ባሳነሳችሁት ጂግለር በዚያ ሜዳ ሙሉ ነዳጅ ከፍታችሁ ከነዳችሁ ፒስተኑ ይጣበቃል። ትልቁን ጂግለር በወረቀት ጠቅልላችሁ መቀመጫው ስር ያዙት፣ ከልኳ ካቻቪቴ ጋር።