ባለ 14 አኃዝ ቁጥር በእጅ እንዴት ይበረበራል?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ አለኝ። ደንበኛ ካርዱን ፍቆ ይሞላና በሬ ላይ ጥሎት ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ (ብርቅ አይደለም) የጎረቤት ልጆች አንዱን ያነሱና "ጋሼ፣ ይሄስ ለስንት ይካፈላል?" ይሉኛል። የሱቄ ካልኩሌተር 12 አኃዝ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ እስክሪብቶና የብስኩት ካርቶን ይዘን እንቀመጣለን።

ማክሰኞ ማታ የወጣልን ይሄ ነው፦ 44,205,318,964,233።

ሦስት ሦስቱን በኮማ የምትለዩት ከቀኝ ተነስታችሁ ነው፤ ከግራ ከጀመራችሁ የሚከተለው ሁሉ ይበላሻል። መጨረሻው 3 ስለሆነ 2 እና 5 ወዲያው ከጨዋታ ወጡ። አኃዞቹን ደምሩ፦ 54። 54 ለ9 ይካፈላል፤ ስለዚህ ቁጥሩም ይካፈላል። 10ም፣ 100ም፣ 1,000ም ለ9 ሲካፈሉ 1 ነው የሚተርፋቸው፤ እያንዳንዱ አኃዝ ራሱን ብቻ ያስቀራል ማለት ነው።

እኛ "ለ7 ዘዴ የለውም" እየተባልን ነው ያደግነው። አለው እንጂ! 7 × 11 × 13 = 1,001 ነው። 1,000 ከዚህ በ1 ያንሳል፤ 1,000,000 ደግሞ ከ1,001 ብዜት በ1 ይበልጣል። ስለዚህ ቡድኖቹን ከቀኝ ጀምሮ አንዴ መቀነስ፣ አንዴ መደመር ነው፦

233 − 964 + 318 − 205 + 44 = −574

የመቀነስ ምልክቱን እርሱት። 574 = 7 × 82፤ ለ11 እና ለ13 ግን አይካፈልም። በአንድ ስሌት ሦስቱንም ፈተናችሁ።

ለ9፣ ቀጥሎ ለ7 ስናካፍለው 701,671,729,591 ቀረ። ልጆቹ ሁሌ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ "7 አልቋል" ብለው ያልፋሉ። ድገሙት እንጂ! 591 − 729 + 671 − 701 = −168፣ ማለትም 7 × 24። ሌላ 7 ተደብቆ ነበር! አሁን 100,238,818,513 ደረስን፤ ሦስተኛው ሙከራ −167 ሰጠ፣ እንቢ አለ።

ከዚህ ወዲያ ቁጥሩ ካልኩሌተሩ ውስጥ ይገባል። ለ17 ተካፍሎ 5,896,401,089 ሆነ። 19፣ 23፣ 29፣ 31 አልሠሩም። ለ37 ግን ካልኩሌተር አያስፈልግም፤ 999 = 27 × 37 ስለሆነ ቡድኖቹን ዝም ብሎ መደመር ይበቃል፦ 5 + 896 + 401 + 89 = 1,391። 37 × 37 = 1,369፣ ቀሪ 22። አይካፈልም።

የት እናቁም? ቁጥሩ ከተተነተነ፣ አንዱ አካፋይ የግድ ከካሬ ሥሩ አይበልጥም። የዚህ ካሬ ሥር ከ76,788 እምብዛም አያልፍም፤ እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች (ለ1 እና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉት) በሙሉ ካቃታቸው ራሱም ብቸኛ ነው። በኦክቶበር 2024 ይፋ የሆነው ባለ 41,024,320 አኃዝ ብቸኛ ቁጥር በዚህ መንገድ እንዳልተገኘ ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሱ የራሱ የተለየ ፈተና አለው።

37 ላይ እያለን መብራት መጣና ልጆቹ ወደ ቴሌቪዥናቸው ሮጡ። ካርቶኑ ሚዛኑ ሥር ነው፤ ቀጣዩ 41 ነው።